ክሊራንስ፤ ከጥፋቱ መደበቁ

ቶማስ ኢገን የምስጢር ሰነድ የሚያገላብጥ ባለሥልጣን አልነበረም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ብሬመርተን ላይ፣ ትራይደንት የተባሉት የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች በሚጠገኑበት የባሕር ኃይል ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቀጠረ የጉልበት ሠራተኛ ነበር። እዚያ ግን ለጉልበት ሥራም ቢሆን «ክሊራንስ» ያስፈልጋል፤ መንግሥት ሰውየውን አጣርቶ «ምስጢር ቢያይ ይታመናል» የሚልበት ፈቃድ ማለት ነው። ባሕር ኃይሉ ታሪኩን ሲያጣራ የድብደባና የጦር መሣሪያ ቅጣቶች አገኘ። ከቅጣቶቹ ሁለቱን ኢገን በሥራ ማመልከቻው ላይ አልጻፋቸውም። የመጠጥ ችግር እንደነበረበትም ተነሣ። በ1983 ክሊራንሱን ተከለከለ፤ ከሥራውም ተሰናበተ።

ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1988 ክሊራንስ የማንም መብት እንዳልሆነ ወሰነ። ተራ ተከሳሽ የጥርጣሬ ጥቅም ሲያገኝ፣ እዚህ ግን ጥርጣሬ ካለ የሚያደላው ለአገር ደህንነት ነው። ጨካኝ ሕግ ይመስላል፤ ነውም።

አመልካቹ የሚሞላው ቅጽ ኤስ ኤፍ 86 ይባላል፤ ከመቶ ገጽ ይበልጣል። ያለፉትን ሰባት ዓመታት የዕፅ አጠቃቀም ይጠይቃል። ክሊራንስ በእጁ እያለ የተጠቀመ ከሆነ ግን የዓመት ገደብ የለም፤ መቼም ይሁን መች መናገር አለበት። ከዚያ መርማሪ ይመጣል፤ ጎረቤትን፣ የድሮ አለቃን፣ የፖሊስ መዝገብን ይጠይቃል። አውቆ የዋሸ እስከ አምስት ዓመት እስር ሊፈረድበት ይችላል።

ውሸቱ ብዙ ጊዜ ከዕፁ የሚከብድበት ምክንያት አለው። ክሊራንስ ያለው ሰው ቀን ከሌት ጠባቂ አይቆምበትም፤ ሰነድ ቢጠፋበት ወይም የውጭ ሰላይ ቢጠጋው ቀድሞ መናገር ያለበት እሱው ነው። ቅጹ ላይ የሚያሳፍረውን የደበቀ ሰው ያን ቀን ምን ያደርጋል? የተደበቀ ነውር ደግሞ ለማስፈራሪያ ይመቻል። ስለዚህ በወጣትነት የተጨሰ ማሪዋና፣ ታክሞ የተተወ መጠጥ፣ ጊዜ ካለፈበትና ካልተደበቀ ሊታለፍ ይችላል። ውሸትም ቢሆን መርማሪው ማስረጃ ሳያቀርብ፣ ሰውየው በራሱ ፈጥኖ ካረመው ሊቀልለት ይችላል።

እውነት መናገር ግን ሁልጊዜ አያድንም። አሁንም ዕፅ የሚጠቀም ሰው ቢናዘዝም በ2008 የወጣው ሕግ ፈቃዱን ይከለክለዋል። የሜሪላንድ ነዋሪ ፈቃድ ካለው ሱቅ ማሪዋና መግዛት ይችላል፤ ክሊራንሱ የሚመዘነው ግን በፌዴራሉ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ የእኛም ሰው ይነካል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለመንግሥት ሥራ የሚያመለክቱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። በእርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ሕግ በጣም ጥብቅ ከሚባሉት ዕፆች ተርታ ነው። ጫትን የእንግዳ መቀበያ አድርጎ ያደገ ሰው «ዕፅ ተጠቅመሃል?» ሲባል ትዝም ላይለው ይችላል። ሕጉ ውሸት የሚለው ታውቆ የተተወውን ነው፤ ፈቃዱ እንደሚገባው የማሳመን ዕዳ ግን የአመልካቹ ነው። የተጠራጠረ ሰው ሳይፈርም በፊት ጠበቃ ወይም የመሥሪያ ቤቱን የጸጥታ ኃላፊ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። በቅን ልቦና የእነሱን ምክር ተከትሎ መሳሳት ክሊራንስ በሚመዘንበት መመሪያ ማቅለያ ሆኖ ይቆጠራል፤ የጓደኛ «ተወው፣ አይታወቅም» ግን አይቆጠርም።