የጥንቱ ቤተ መቅደስ መዘምራን ሥርዓትና ስንቅ



በእሑድ ማለዳ በሙዱላም ሆነ በሆሳዕና በቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚያልፍ ሰው የመዘምራኑን ድምፅ ሰምቶ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ዘማሪውን ማን አስተማረው፣ ማንስ ያበላዋል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገር የጥንቶቹ እስራኤላውያን ሥርዓት ብዙ ያስተምረናል።

በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ እንደተጻፈው፣ ንጉሥ ዳዊት ከሌዋውያን 4000 ሰዎችን ለምስጋና መደበ። ከዚህም ሌላ በዜማ የሠለጠኑት 288 መዘምራን በአሳፍ፣ በኤማንና በኤዶታም ቤት ሥር ሆነው በ24 ክፍል ተመደቡ፤ በእያንዳንዱ ክፍል 12 ሰዎች ነበሩ። ተራቸው በዕጣ ሲወጣ ታላቅና ታናሽ፣ መምህርና ደቀ መዝሙር አልተለየም። መሣሪያዎቻቸውም ጸናጽል፣ በገናና መሰንቆ ነበሩ። ቀንና ሌሊት ስለሚያገለግሉም ከሌላ ሥራ ነጻ ሆነው በመቅደሱ ጓዳዎች ይቀመጡ ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ መቅደሱ ፈርሶ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ተማረከ። ሆኖም ዜማው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ስለነበረ፣ ከምርኮ ሲመለሱ የአሳፍ ልጆች 128 ሆነው ተቈጠሩ። ኋላ በነህምያ ዘመን ግን ሕዝቡ ዐሥራቱን ስላስቀረ፣ መዘምራኑ መቅደሱን ትተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄዱ። ምርኮ ያላጠፋውን ዜማ የስንቅ መጉደል ዝም አሰኘው። ነህምያም ሹማምንቱን ገሥጾ መዘምራኑን በየስፍራቸው መለሰ፤ ለዐሥራቱም ጎተራ የታመኑ ጠባቂዎች ሾመ።

በአገራችንም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥርዓት አለ። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን እንደ ደረሰ ይነገራል። በማኅሌት ጊዜ ደብተሮች መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መሪ ጌታ፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታም ይመሯቸዋል። ድጓን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ ጠንቅቆ ለመማር ብዙ ዓመታት ያስፈልጋል።

የእነዚህ ሊቃውንት ስንቅ በአብዛኛው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሰጠ መሬት ነበረ። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለብዙ ጭሰኛ ዕረፍት ሲሆን፣ በአንጻሩ ያ መተዳደሪያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመምህሩና የደብተራው ኑሮ ይበልጡን በምእመናን እጅ ላይ ወደቀ። የቆሎ ተማሪው ግን ቀድሞም ቢሆን በየደጁ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ነበረ።

እንግዲህ ዜማ በሦስት ነገር ይጸናል፤ በተራ፣ በትምህርትና በስንቅ። ሁለቱን መዘምራኑ ራሳቸው ይጠብቁታል። ሦስተኛው ግን ቆመን በምንሰማው በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ የማናበላው ዘማሪ ወደ እርሻው ቢሄድ ወቀሳው በእርሱ ላይ አይሁን።