ሱፐርማን የሰባ ሰባቱን ረሃብ ለምን አላሸነፈውም?

ሱፐርማን፣ ባትማን፣ ስፓይደርማን። እነዚህን ስሞች የማያውቅ የቆቦ ልጅ ያለ አይመስለንም። ፊልሙን ሚሞሪ ላይ አስጭነን፣ ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ ቁርጥራጩን ቲክቶክ ላይ እያየን ነው ያደግነው። ግን ሱፐርማን አንድ ጊዜ ኢትዮጵያ እንደመጣ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ለዚያውም የመጣው አያቶቻችን እስከ ዛሬ «ሰባ ሰባት» እያሉ በሚያነሱት ክፉ ዘመን ምክንያት ነው። መጣ፣ ታገለ፣ ግን አላሸነፈም።

ነገሩን ከስሩ እንየው።

እነዚህ ጀግኖች የማን ናቸው?

ሱፐርማን ከፊልም በፊት የወረቀት ሰው ነበር። ኮሚክ ማለት በተከታታይ ስዕልና በአጭር ንግግር ታሪክ የሚነገርበት መጽሔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት የ23 ዓመት ጓደኛሞች የፈጠሩት ሱፐርማን 10 ሳንቲም በሚሸጥ መጽሔት ላይ ወጣ። አንዱ ጸሐፊ፣ ሌላው ሰዓሊ ነበር። መጽሔቱን ያሳተመው ዛሬ ዲሲ ኮሚክስ የምንለው ድርጅት ነው። በዓመቱ፣ በ1939፣ ባትማን ተከተለ። በዚያው በ1939 ሌላ ተፎካካሪ ተነሳ፤ ያኔ ታይምሊ ይባል ነበር፣ ዛሬ ማርቭል ነው። ስፓይደርማን በ1962፣ ብላክ ፓንተር በ1966 የወጡት ከማርቭል ቤት ነው።

ማርቭልን ዛሬ ስታዩት የማይነካ ሀብታም ይመስላል። እውነቱ ግን በ1996 ከስሮ ፍርድ ቤት የከሳሪዎች ጥበቃ ጠይቆ ነበር። ነፍስ የዘራበት ፊልም ነው። በ2008 አይረን ማንን አወጣ፣ በ2009 ዲዝኒ በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛው። በ2018 የወጣው ብላክ ፓንተር ብቻውን በዓለም ሲኒማ ቤቶች ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በወረቀት ላይ የተሳለ ሰው ይህን ያህል ያወጣል ማለት ነው።

ታዲያ ሰባ ሰባት ጋ ምን አገናኛቸው?

ከአላማጣ ተነስታችሁ የግራ ካህሱን ጠመዝማዛ ስትጨርሱ ኮረም ናት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ቢቢሲ ከዚያች ከተማ የተቀረጸ ዜና አስተላለፈ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራ ማኑ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበሩ። ሜዳው ላይ በጠዋት ጉም ውስጥ ተደርድሮ የተኛው ሕዝብ በዓለም ቴሌቪዥኖች ታየ። ዓለም የደነገጠው ያን ቀን ነው። ሙዚቀኞች ዘፈን አወጡ፣ በሐምሌ 1977 ዓ.ም ላይቭ ኤይድ የሚባለው ትልቁ ኮንሰርት ተደረገ።

የኮሚክ ሰዎችም ዝም አላሉም። ማርቭል በ1985 የኤክስ ሜን ጀግኖችን ይዞ «ሂሮስ ፎር ሆፕ» የሚል ልዩ እትም አወጣ። ደራሲዎቹ ብዙ ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ገጽ ጻፉ። ከመሐላቸው እነ ስቲቨን ኪንግ፣ እና በኋላ በጌም ኦፍ ትሮንስ የምናውቀው ጆርጅ ማርቲን ነበሩበት። በዓመቱ፣ በ1986፣ ዲሲ ደግሞ «ሂሮስ አጌንስት ሀንገር» ብሎ ሱፐርማንና ባትማንን ላከ። የሁለቱም ገቢ ለረሃብ ተጎጂዎች እርዳታ ነው የተባለው።

በዲሲው ታሪክ ሱፐርማን ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል። ነገሩ ስለከበደው ከቀንደኛ ጠላቱ ከሌክስ ሉተር ጋር ሳይቀር ይተባበራል። በማርቭሉ ደግሞ ስቶርም አለች። ስቶርም ማለት ደመና የምታዝ፣ ዝናብ የምታዘንብ ጀግና ናት። «ታዲያ ለምን ዝናቡን አታዘንበውም ነበር?» ማለታችሁ አይቀርም። በዋናው የኤክስ ሜን ታሪክ ስቶርም ከ1984 ጀምሮ ኃይሏን ተነጥቃ ነበር። ደራሲዎቹ ዝናብ አምጪዋን ባዶ እጇን ነው የላኳት።

ለምን አላሸነፉም?

እዚህ ጋ ነው ቁምነገሩ። የኮሚክ ጀግና ሥራው ግልጽ ነው፤ ክፉ ሰው ይመጣል፣ ይደበድበዋል፣ ያበቃል። ረሃብ ግን ፊት የለውም፣ በቡጢ አይመታም። ደራሲዎቹ ጀግኖቹን «አሸነፉ» ብለው ቢጨርሱት ኖሮ በእውነተኛው ኮረም ሰው እየሞተ ቀልድ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሁለቱም መጽሔቶች ያለቁት በአንድ ሐሳብ ነው፤ ይህን ነገር አንድ ጀግና አይፈታውም፣ ብዙ ተራ ሰው ነው የሚፈታው።

ልክ ናቸው፣ ግን ግማሹን ነው የነገሩን። በሰባ ሰባት ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው። ሰሜኑ በጦርነት ላይ እንደነበረም እውነት ነው። ደርግ በመስከረም 1977 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ አሥረኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር ወሎ እየተራበ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን የ1965 ዓ.ም የወሎ ረሃብ ያጠናው አማርትያ ሴን የሚባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ደግሞ የሚገርም ነገር አግኝቷል። ያኔ በአገር ደረጃ እህል ይህን ያህል አልጠፋም ነበር። ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው ብዙ አልጨመረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ሕዝቡ የሞተው መግዣ አጥቶ ነው። ማሳው ሲደርቅ፣ ከብቱ ሲያልቅ፣ እህሉ እያለም እጁ አልደረሰም።

እንግዲህ ይህን ታሪክ በጭንብልና በካባ እንዴት ትስሉታላችሁ? ክፉው ማን ነው? ደመናው? ነጋዴው? መንግሥት? ለዚህ ነው ሱፐርማን የጨነቀው።

ሌላም የጎደለ ነገር አለ። በእነዚያ መጽሔቶች ውስጥ የሚያስበው፣ የሚወስነው፣ የሚያለቅሰው ከውጭ የመጣው ጀግና ነው። የእኛ ሰው ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው። ራያን ለሚያውቅ ግን ይህ ልክ አይደለም። ከተራራው የሚወርደውን የጎሊናና የሆርማት ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ማዋል የቆላው ገበሬ የቆየ ጥበብ ነው። ጅጉርጢና ደጋሌት ማሽላን ዘሩን መርጦ፣ አሳድሮ ለልጅ ያወረሰ ሕዝብ ነው። ዛሬ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር ውሃ ወጥቶ ሲጠጣ የምታዩት ማሳም በሰው እጅ የመጣ ነው። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ከስቶርም ይልቅ አያቶቻችን ያውቃሉ።

የራሳችንስ?

አለን። ብስራት ደበበ የሚባል ኢትዮጵያዊ እጣን ኮሚክስን መሠረተና በ2018 «ጀምበር»ን አወጣ። ጀምበር አማኑኤል የሚባል፣ ተመርቆ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ በኋላ ልዩ ኃይል ያገኛል። ተመርቆ ሥራ መፈለግ! ይህን ከእኛ ሌላ ማን ይጽፈዋል? ቀጥሎ ሴት ጀግና ያላት «ሀዊ» መጣች። ማሳተሚያው የተገኘው ከአንባቢዎች በኢንተርኔት በተዋጣ ገንዘብ ነው። ጀምበር በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም ታትሟል።

ስለዚህ ስዕል የምትሞካክሩ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ኮሚክ ለመጀመር ወረቀት፣ እርሳስና ስልክ ይበቃል። አንድ ገጽ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳጥን አስምሩ፣ በአንድ ሳጥን አንድ ድርጊት ብቻ አሳዩ፣ ንግግሩን አሳጥሩ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት። የመጀመሪያው ያስቀይማል፣ አሥረኛው ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እነ ሲግል ሱፐርማንን ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነው፣ ከነሙሉ መብቱ። በኋላ ገጸ ባሕሪው ሚሊዮኖች ሲያስገባ ሁለቱ እድሜያቸውን በክስና በችግር ገፉ። በ1975፣ ነገሩ በጋዜጣ ከተጮኸ በኋላ፣ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ተቆረጠላቸው፣ ስማቸውም ተመለሰ። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራችሁ የእናንተ የሚሆነው ገና ስትፈጥሩት ነው፤ የግድ ማስመዝገብ አይጠበቅባችሁም። ይህን መብት አሳልፎ የሚሰጥ ወረቀት ሲቀርብላችሁ ግን ሳታነቡ አትፈርሙ። «ሙሉ መብት» የሚል ቃል ካያችሁ ቁሙና ጠይቁ።

ጀግና ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ስልኩን አስቀምጡና አያታችሁን «በሰባ ሰባት እንዴት ተረፋችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማን ጥሬውን አካፈላቸው? ማን ተሸክሟቸው ግራ ካህሱን ወጣ? ያን ሰው ማንም አልሳለውም። ያን ዘመን የሚያስታውሱት ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

የሳላችሁትን በውስጥ መስመር ላኩልን፣ ስማችሁን ጽፈን እንለጥፈዋለን። መብቱ የእናንተው ነው።