ከክሬት ወደ ሳሎን፦ ቡችላ ቤት መዋል የሚማርበት መንገድ

በአገራችን ውሻ የግቢ ነው። ብዙ ቤት ቀን ታስሮ ይውላል፤ ሲመሽ ይፈታና አጥሩን ሲዞር ያድራል። ሳሎን መግባት የሚፈቀድለት ከስንት አንዱ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአትላንታ ወይም በዴንቨር አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖር ሐበሻ ቤተሰብ ግን፣ ልጆች ለምነው ቡችላ ሲገባ፣ ግቢም አጥርም የለውም። ውሻው የሚኖረው ሰው በሚበላበትና በሚተኛበት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ አገር በመጀመሪያ ከሚመከሩት ዕቃዎች አንዱ ክሬት ነው፤ ቡችላው የሚተኛበት፣ የሚያየው ሰው በሌለ ሰዓትም የሚዘጋበት የሽቦ ወይም የፕላስቲክ ቤት። ክሬት ስለማስለመድ የሚመክር ሰው አይጠፋም። ብዙዎች የሚቸገሩት ከዚያ በኋላ ነው፦ በሩ መቼና እንዴት ይከፈት?

ክሬት የሚሠራው በአንድ ቀላል ምክንያት ነው። ቡችላ የተኛበትን ማበላሸት አይወድም። ቤቱ ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃው ያህል ብቻ ከሆነ ሽንቱን ለመያዝ ይሞክራል፤ ከሰፋ ግን አንዱን ጥግ መጸዳጃ ያደርገዋል። መያዝ የሚችለውም በዕድሜው ልክ ነው። ባለሙያዎች በግምት የሚጠቀሙበት ስሌት የዕድሜውን ወራት ቆጥሮ አንድ ሰዓት መጨመር ነው፤ የ3 ወር ቡችላ ቀን ላይ ቢበዛ 4 ሰዓት ያህል ይታገሣል። ሲዘጋበት የአንገት ቀበቶው መውለቅ አለበት፤ ሽቦ ላይ ተጠምዶ ሊያንቀው ይችላል።

ክሬት ለውሻ የተፈጥሮ ዋሻው ነው ሲባል ይሰማል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ተኩላ ዋሻ የምትጠቀመው ለመውለድና ግልገሎቿን ለማሳደግ ነው፤ እነሱም ከ8 እስከ 10 ሳምንት ሲሆናቸው ትተውት ይወጣሉ። የተኩላ ዋሻ ደግሞ የሚዘጋ በር የለውም። በስዊድን ውሻን ቤት ውስጥ በኬጅ ዘግቶ ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ውሻ ቢያንስ በየ6 ሰዓቱ መውጣት አለበት፣ ቡችላ ደግሞ ከዚያም ቶሎ ቶሎ። ፊንላንድም ተመሳሳይ ገደብ አላት። እዚያ ያሉ ቡችሎች ያለ ክሬት አድገው ጨዋ ውሻ ይወጣቸዋል። ስለዚህ ክሬት የሚጠቀም ሰው ሁሉ ጊዜያዊ መሣሪያ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት።

ታዲያ ለምን ወዲያው አይከፈትም? መልሱ ያለው ከቡችላው አካል ነው። 28 የወተት ጥርሶቹ ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፋሉ፤ በ6 ወይም በ7 ወሩ 42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚህ መሀል ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ጥርሱ አልቆ፣ ሽንቱን መያዝ ችሎ፣ የ7 ወሩ ውሻ ያደገ ይመስላል፤ ቤቱም ይለቀቅለታል። ነገር ግን ጉርምስናው ገና መጀመሩ ነው። እስከ 18 ወር፣ በትልልቅ ዝርያዎች ደግሞ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ጉልበቱ ይጨምራል፤ ሲጠሩት የማይሰማበት፣ ማኘኩም እንደገና የሚያገረሽበት ጊዜ ነው። ሶፋ የሚቀደደው ብዙ ጊዜ በዚህ ዕድሜ ነው።

በመሆኑም የሚታየው የልደት ቀኑ ሳይሆን ጠባዩ ነው። ቤት ውስጥ ሳይሸና ሁለት ወር ያህል ከቆየ፣ ሰው እያለ ጫማና ትራስ ትቶ የራሱን መጫወቻ ብቻ ካኘከ፣ ማንም ሳያዘው ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ የሚወስደው ከሆነ ለሙከራ ደርሷል። አንዱ ከጎደለ ትንሽ መጠበቅ ይሻላል።

በሩ ከመከፈቱ በፊት ግን ቤቱ ይዘጋጅ። በጉልበት ተንበርክኮ በውሻ ዓይን ከፍታ መዞር ብዙ ያሳያል፦ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከአልጋ ሥር የቀረ ካልሲ፣ ወንበር ላይ የተጣለ ቦርሳ። ቦርሳው ውስጥ ዛይሊቶል ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካ ካለ ለውሻ ገዳይ ነው። የእኛ ወጥ ቤት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ቀይና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ በስሎ፣ ዱቄቱም ጭምር የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋል፤ ስለዚህ ከትሪ የተረፈ ወጥና ፍርፍር ለእሱ ምግብ አይደለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብ ይመርዙታል፤ የቡና ፍሬና አተላም እንዲሁ። ቆሻሻ መጣያው ክዳኑ የሚጠብቅ ይሁን፣ ወይም ቁምሳጥን ውስጥ ይግባ።

አሠራሩ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሰው እዚያው ክፍል እያለ የክሬቱ በር ተከፍቶ ይዋል፤ ውሻው በፈቃዱ ይግባ፣ በፈቃዱ ይውጣ። ቀጥሎ ሌሊት መኝታ ቤት ውስጥ በሩ ተከፍቶ ይደር። ሦስተኛው ብቻውን መቅረት ነው። ረጅም የእግር ጉዞ አድርጎ፣ ተጸዳድቶ ሲመለስ፣ ቤቢ ጌት በሚሉት የሕፃናት መከለያ አንድ ክፍል ብቻ ተከልሎለት፣ የሚያኝከው ነገር ተሰጥቶት ባለቤቱ ለ5 ደቂቃ ይወጣል። ከዚያ 10፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት፤ አንዳንዴም መልሶ ማሳጠር። ሲወጡ ስንብት፣ ሲገቡ ጭፈራ አያስፈልግም። ሁለተኛ ክፍል የሚጨመረው በመጀመሪያው ለሳምንታት ጥፋት ሳይታይ ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ የቆየ የስልክ ካሜራ ትልቅ ውለታ ይሠራል። ዝግጁ የሆነ ውሻ በሩ ሲዘጋ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል፣ መግቢያውን ያሸታል፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ይዞራል፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ አገጩን በእግሮቹ ላይ ያሳርፋል። ያልተዘጋጀው ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፣ በሩን ይቧጥጣል። ይህ ከታየ ሰዓቱ ወደ ቀድሞው ይመለስ።

ጥፋት መከሰቱ አይቀርም። ተመልሰው ሲገቡ የተቀደደ ትራስ ቢያገኙ መቆጣት ምንም አያስተምረውም። በኒውዮርክ ባርናርድ ኮሌጅ የምታስተምረው አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች የጥፋተኝነት ፊት የሚሉት የውሻ አኳኋን የሚመጣው ከባለቤቱ ቁጣ እንጂ ከጥፋቱ እንዳልሆነ አሳይታለች፤ ያላጠፋው ውሻም ሲቆጡት ያንኑ ፊት ያሳያል። የሸናበት ቦታ አሞኒያ በሌለው፣ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ ይታጠብ፤ ሽታው ከቀረ እዚያው ይመለሳል። ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

አንድ ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ብቻውን ሲቀር የሚሸበር ውሻ አለ፤ ምራቁ ደረቱን ያርሳል፣ ሽቦውን ሲነክስ ጥርሱን ይሰብራል፣ ጥፍሩን ያደማል። እንዲህ ያለውን ጠንከር ባለ ክሬት መቆለፍ ሥቃዩን ያባብሰዋል። ሕመም ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ደረጃዎቹን ላለፈ ውሻም ቢሆን ክሬቱ አይጣል። ለጉዞና ሲታመም ለማሳረፍ ይጠቅማል፤ ብዙ ውሾችም በሩ ተከፍቶ እያለ ራሳቸው ገብተው ይተኙበታል።

ቤቱ በሙሉ ተከፍቶለት 12 ሰዓት ብቻውን የሚውል ውሻ ግን አሁንም እስረኛ ነው፤ የሰፋው ክፍሉ ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሁለት ሥራ በሚሠሩበት ቤት፣ የብዙዎቻችን ኑሮ እንደዚያ ስለሆነ፣ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ቀትር ላይ ማን እንደሚያወጣው ይታወቅ፦ ጎረቤት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ፣ ወይም ተከፍሎት ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው። ይህ ካልተገኘ ልጆቹ ለጊዜው ቢያለቅሱም ቡችላውን አለማምጣቱ ይሻላል።