እንጉዳይን በቤታችን እናልማ

እንጉዳይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ክረምት ሲገባ በየሜዳው ብቅ የሚለውን «የጅብ ጥላ» ነው። በልጅነታችን እንዳንነካው ይነገረን የነበረው በከንቱ አልነበረም። ከዱር እንጉዳዮች መካከል ሰው የሚገድሉ አሉ፤ የአንዳንዶቹ መርዝ ቢቀቀልም አይጠፋም። በጾም ወቅት በየሆቴሉ የሚጠበሰው እንጉዳይ ግን ከታወቀ ዘር የሚለማ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህኛው ነው። ከዝናብ በኋላ ሜዳ ላይ የበቀለውን ማንም ለቅሞ እንዳይበላ፣ በተለይም ለልጆቻችን እንድንነግራቸው አደራ እንላለን።

ለምን እንጉዳይ?

እንደሚታወቀው እዚህ ካኩማ የሚታረስ መሬትም በቂ ዝናብም የለንም። በ2025 እ.ኤ.አ. ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ደግሞ የብዙ ቤተሰብ ድስት ሳስቷል። እንጉዳይ መሬት አይፈልግም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከገለባ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ ባቄላንና ምስርን አይተካም፤ ቢሆንም ፕሮቲንና ቫይታሚን ስላለው ወጡን ያዳብራል፤ የተረፈውም ይሸጣል።

ዘሩን ስለማግኘት

ለጀማሪ የሚመከረው ኦይስተር የሚባለው ዓይነት ነው። ከእርሱም ሮዝ ቀለም ያለው ሙቀት ስለሚችል ለእኛ ይሻላል። ዘሩ በእህል ፍሬ ላይ ተራብቶ የሚሸጥ ነጭ ነገር ነው። በኬንያ ጁጃ የሚገኘው የጆሞ ኬንያታ የእርሻና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲያመርት ቆይቷል። ከካምፕ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ አራት አምስት ቤተሰብ በዕቁብ መልክ ገንዘብ አዋጥቶ በግብርና ሠራተኞች በኩል ቢያስመጣ ይቀላል። ዘሩ በሙቀት ስለሚሞት እንደደረሰ ወዲያው ይዘራ።

አሠራሩ

1. ደረቅና ያልሻገተ ገለባ፣ ሣር ወይም የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ አዘጋጁ። ገለባውን በጣት እርዝመት ያህል ቆራርጣችሁ ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፉት።

2. በበርሜል ወይም በትልቅ ድስት ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቆይ። የውሃው ሙቀት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይሁን፤ መለኪያ ከሌለ ከድስቱ ሥር ጥቃቅን አረፋ መውጣት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ። ይህ ሥራ ሻጋታን ስለሚገድል አይዘለል። ማገዶ ለመቆጠብ ሁለት ቤት በአንድ እሳት ቢሠራ ጥሩ ነው።

3. ገለባውን አጥልሉና ንጹሕ ቦታ ላይ አቀዝቅዙ። በእጅ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው፤ ውሃው ከፈሰሰ ገና ይጥለል። ትኩስ እያለ ከተዘራ ዘሩ ይቃጠላል።

4. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በላስቲክ ከረጢት አንድ ረድፍ ገለባ፣ አንድ ረድፍ ዘር እያደረጋችሁ ጠቅጥቁ። ለ10 ኪሎ እርጥብ ገለባ 1 ኪሎ ያህል ዘር ይበቃል። አፉን አስራችሁ ዙሪያውን በንጹሕ መርፌ ከ10 እስከ 15 ቦታ ብሱት።

5. ከ2 እስከ 4 ሳምንት በጨለማ ክፍል ይቀመጥ። ነጭ ክር መሰል ነገር ገለባውን ሁሉ ሲያለብሰው ላስቲኩን ጥቂት ቦታ ሰንጥቁ፤ ብርሃንና ንጹሕ አየር ይግባለት። የፀሐይ ጨረር ግን አይንካው።

6. ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ንጹሕ ውሃ እፍ አድርጉበት። እንቡጦቹ ከወጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርሳሉ። ጠርዛቸው ወደ ላይ ሳይገለበጥ ከሥሩ ጠምዝዛችሁ ንቀሉ። አንዱ ከረጢት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰጣል።

ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው

በካኩማ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ይበልጣል፤ ይህ ለእንጉዳይ አይስማማም። ስለዚህ በቆርቆሮ ቤት ሳይሆን በጭቃ ጡብ በተሠራ፣ ጥላ ባለው ክፍል ይሁን። ወለሉ ላይ አሸዋ አፍስሳችሁ አርጥቡ፤ በበሩና በመስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ስቀሉ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከጆንያው የሚተነው ውሃ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ለአሸዋው የልብስ እጣቢ ይበቃል፤ የቧንቧውን ውሃ ለመጠጥና ለእንጉዳዩ አቆዩት።

አረንጓዴ ሻጋታ የያዘውን ከረጢት ሳትፈቱ ከቤት ርቃችሁ ቅበሩት። እንጉዳዩ ሲያረጅ የሚረጨው ዱቄት ሳል ስለሚያስነሳ በጊዜው ይለቀም፤ አስም ያለበት ሰውም በክፍሉ አይተኛ።

ሮዙ እንጉዳይ ቶሎ ስለሚበላሽ በተለቀመበት ቀን በደንብ አብስላችሁ ብሉት፤ የተረፈውን በፀሐይ አድርቁ። ያለቀለት ገለባ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

በመጨረሻም፣ ያለንን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ጊዜ አናውጣ። በሁለት ከረጢት እንጀምር፤ ክፍላችን ሙቀቱን መቋቋሙን ካየን በኋላ እንጨምር። የለመደውም ለጎረቤቱ ያሳይ።