የተረት ቴአትር፦ ከአራት ኪሎ እስከ አያት

ልጆች ሰብስቦ «ተረት ተረት» ያለ ሰው «የላም በረት» የሚል መልስ ሳያገኝ ወደ ታሪኩ አይገባም። በእኛ ተረት ሰሚው ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ሥራ አለበት። የሕፃናት ቴአትር ይህንኑ ልማድ ወደ መድረክ ያወጣና ዜማና ውዝዋዜ ይጨምርበታል። ጅቡም ጥንቸሏም ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው በአራት ኪሎ የምናውቀው የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር ነው። በምሥረታው የገጣሚና ተዋናይት ዓለምፀሐይ ወዳጆ ስም አብሮ ይጠራል።

ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። የዘመናዊ ቴአትራችን መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተነሣው ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ነው። ያ ሥራ በአውሬዎቹ አፍ መኳንንቱን የሚነቅፍ የአዋቂዎች ተውኔት ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ኋላ ደግሞ ከደብረ ኤልያስ ቅኔና ዜማ ተምረው የመጡት ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎችን እያሠለጠኑ መዝሙር ያልተለያቸውን ተውኔቶች አሳዩ። ተረቱም ዜማውም ልጆቹም መድረካችን ላይ የወጡት ገና በጠዋቱ ነው።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት ተረቱ በየቤቱ ገባ። አባባ ተስፋዬ የምንላቸው ተስፋዬ ሣህሉ ተረት ነጋሪ ከመሆናቸው በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ሳይቀር ተጫውተዋል። ከ40 ዓመት በላይ በልጆች ፕሮግራም ሲቀርቡ ያ የመድረክ ችሎታ አብሯቸው ነበር፤ የአንበሳው ድምፅና የአይጧ ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ ይወጣል፣ መሐል ላይም ምትሐት ያሳዩ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔዋን አሻንጉሊት ይዞ ሌላ ትውልድ አሳደገ።

ቴሌቪዥኑ የማይሰጠው አንድ ነገር ግን አለ፤ ልጁ ሲመልስ የሚሰማው ሰው። ከልጅነቴ የቀረልኝም ይኸው ነው። ከበሮው ከብዶ ሲመታ ጅቡ እየመጣ መሆኑን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል፤ ክራሩ ፈጠን ሲል ጥንቸሏ ናት። ጅቡ የቃጫ ጋማውን እያወዛወዘ መድረኩ ጫፍ ድረስ ይመጣና «የት ገባች?» ይለናል። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «በዚያ ሄደች!» ብለን ወደ ተሳሳተው በር እንጠቁማለን። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ «አይ፣ እዚህ ከድንጋዩ ኋላ ናት» ትላለች፤ ታላቅ ወንድሟ ተሽቀዳድሞ አፏን ይይዛታል። ጅቡ ሰምቷል። ግን ጆሮውን እየኮረኮረ «ምን አልሽኝ?» ይልና በዘፈን ወደ ተሳሳተው በር ይሮጣል።

የልጆች ተዋናይ ሙያ ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ድርሰቱ ያላሰበውን የልጅ ቃል ተቀብሎ፣ ልጅቷን ሳያሳፍር፣ ታሪኩን ወደ መንገዱ መመለስ አለበት። አዋቂ ተመልካች ቢሰለች በጨዋነት ይቀመጣል፤ ሕፃን ግን ተነሥቶ ይሄዳል ወይም ያለቅሳል። ስለዚህ ትዕይንቱ አጠር ይላል፣ ንግግሩ ሊረዝም ሲል ዘፈን ይገባል፣ የዘፈኑ አዝማችም ልጁ በሁለተኛው ዙር አብሮ ሊለው የሚችል ይሆናል። ትንንሾቹ እንዳይደነግጡም ጅቡ ፊቱን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ ከጭምብሉ በታች ሰው እንዳለ ያያሉ፣ አይተውም አብረው ይጫወታሉ።

ይህን ደስታ የዛሬዎቹ የአያት ልጆች እንዲያገኙት እፈልጋለሁ። አያት የከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቀላል ባቡሩ መነሻም ሆኗል። ኮንዶሚኒየሙም ቪላውም በልጅ የተሞላ ነው። ነባሮቹ ቴአትር ቤቶች ግን መሀል ከተማ ናቸው፤ ሀገር ፍቅርና ማዘጋጃ ቤት ፒያሳ፣ ብሔራዊ ለገሃር፣ ራስ መርካቶ አካባቢ። ሁለት ሕፃናት ይዞ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ታክሲ እየቀያየሩ ሄዶ መመለስ ለብዙ ወላጅ የሙሉ ቀን ሥራ ነው፤ ከትኬቱ ይልቅ የመንገዱ ወጪ ይከብዳል።

ስለዚህ ልጁ ወደ ቴአትሩ መሄድ ካቃተው ቴአትሩ ወደ ልጁ ይምጣ። የተረት ቴአትር ትልቅ መድረክ አይጠይቅም። ጥቂት ተዋንያን፣ አንድ ከበሮና ክራር፣ በሻንጣ የሚያዝ አልባሳት ካለ የትምህርት ቤት ግቢም የኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽም ይበቃዋል። ዮፍታሔ ተዋንያናቸውን ያገኙት ከተማሪዎቻቸው መካከል ነበር። የአያት መምህራንና ወላጆችም ከዚያው ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ተረቱን አያቶች ያውቁታል፣ ልጆቹም ቅዳሜ ከሰዓት ቦታ ይፈልጋሉ። ቀሪው አንድ ሰው ተነሥቶ «ተረት ተረት» ማለቱ ነው።