በግራጫ መካከል የቀረ ቀለም

ተመራጭ ቀለም የሚባለው የፎቶግራፍ ስልት ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ አንድ ክፍሉን ብቻ በተፈጥሮ ቀለሙ የሚተው ነው። በአበባ ፎቶግራፍ ሲሠራበት ቅጠሉ፣ አገዳው፣ አፈሩና ሰማዩ ግራጫ ይሆኑና አበባው ብቻ፣ አንዳንዴም የአበባው አንድ ጫፍ ብቻ፣ ቀይ ወይም ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ፎቶሾፕ በተባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ መሣሪያ አለ፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። እሱ በምስሉ ውስጥ ያሉትን ቀለማት በየወገናቸው የሚያስተካክል እንጂ የቀረውን ግራጫ የሚያደርግ ስላልሆነ፣ ጀማሪ ሁለቱን እንዳያምታታ ከመነሻው ቢለያቸው ይበጀዋል።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር ብዙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ፣ ፎቶግራፍ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ ሠዓሊዎች በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የወጣውን ምስል በቀጭን ብሩሽ እየነኩ ጉንጭን ያቀሉ፣ ጌጥን ወርቃማ ያደርጉ ነበር። ጃፓን ውስጥ ይህ ሙያ ከፍ ካለ ደረጃ ደረሰ፤ ካዙማሳ ኦጋዋ እ.ኤ.አ. በ1896 ያሳተመው የጃፓን አበቦች መድበል ባለ ቀለም ሲሆን፣ ዛሬም ዓይን የሚያቆም ሥራ ነው። ያኔ ቀለም የሚጨመር ነበር። የቀለም ፊልም ተለምዶ ዲጂታል ማረሚያ ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠና ሥራው ቀለም መቀነስ ሆነ። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ቀረበ፤ በ1994 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ላይ ምስሎችን አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ሲቻል ደግሞ፣ ቀድሞ ብዙ ድካም ይጠይቅ የነበረው ሥራ ማንም ሊሞክረው የሚችል ሆነ።

ብቻውን ቀለም ይዞ የቀረ አበባ ዓይንን የሚስብበት ምክንያት በከፊል የታወቀ ነው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄድቪግ ፎን ሬስቶርፍ እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣችው ጥናት፣ ከሚመሳሰሉ ነገሮች መካከል ተነጥሎ የሚታየው በአእምሮ ውስጥ የተሻለ እንደሚቀር አሳይታለች። ይህ ግን አበባው ለምን እንደሚታይ እንጂ ለምን ስሜት እንደሚነካ አይነግርም። ለዚያ የተሻለ ፍንጭ የሚሰጠው የምሽት ብርሃን ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ በጓሮ የቆመ ሰው ቀን ላይ እንደ ፍም ያበራ የነበረው ቀይ አበባ ከሁሉ ቀድሞ ሲጠቁር፣ ሰማያዊውና የቅጠሉ አረንጓዴ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ፈካ ብለው ሲቆዩ ያያል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይህን ያስተዋለው የቼክ ሊቅ ያን ፑርኪኔ ስለነበር ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ምክንያቱ ዓይን ውስጥ ነው፤ በቀን ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም ሲለዩ፣ በጨለማ የሚተኳቸው ግን ቀለም አይለዩም፣ ቀይ ብርሃንም እምብዛም አይሰማቸውም። እንግዲህ በተፈጥሮ ዓለም ግራጫ ሲመጣ ቀይ ቀድሞ ይሄዳል። ግራጫ በሆነ ፎቶግራፍ መሐል ቀይ ጽጌረዳ ፍም መስሎ ሲቀር፣ ዓይን በሕይወቱ ያላየውን ነገር ያያል፤ ምስሉ የሕልም ወይም የትዝታ ጠባይ የሚይዘው ከዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ አበባ በግራጫ ውስጥ ሲተው ግን ምሽትን ስለሚመስል አያስደነግጥም፤ ያረጋጋል፣ ያስተክዛል። ተመሳሳይ ስልት በሁለት ቀለማት ላይ ሁለት የተለያየ ስሜት የሚወልደው በዚህ መንገድ ነው።

ከቀለሙ ሌላ የሚታሰበው ጉዳይ ግራጫው ራሱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ቀለም ወደ ግራጫ ሲለወጥ እያንዳንዱ ቀለም እኩል አይቆጠርም። በስፋት በሚሠራበት ስሌት አረንጓዴ 59 በመቶ፣ ቀይ 30 በመቶ፣ ሰማያዊ 11 በመቶ ያህል ክብደት አላቸው። ስለዚህ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ተደምረው የሚሰጡት ጥርት ያለ ቢጫ 89 በመቶ ያህል ብሩህ ሆኖ ወደ ነጭ ይጠጋል፤ የጽጌረዳ ቀይ ደግሞ ከራሱ ጠቆር ያሉ ቅጠሎች ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆን ይችላል። ጽጌረዳን በጥቁርና ነጭ ያነሳ ሰው አበባው በቅጠሉ ውስጥ ሰምጦ ጠፍቶበት የሚያዝነው ለዚህ ነው። ቀዩን መመለስ በዚያ ቦታ ጌጥ መጨመር አይደለም፤ የጠፋውን አበባ መመለስ ነው። በአንጻሩ ነጭ አበባ ይህን ስልት ብዙም አይፈልገውም። አሜሪካዊቷ ኢሞጀን ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1925 ያነሳችው የማግኖሊያ ፎቶግራፍ አንድም ቀለም ሳይኖረው በቅርጽና በጥላ ብቻ ሙሉ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ አደይ አበባ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በደጋው ሜዳ ላይ የሚፈነዳው ይህ ቢጫ በጥቁርና ነጭ ሲነሳ አደይ መሆኑ ይቀራል፤ ነጫጭ ነጥብ የተረጨበት ሣር ይመስላል። ቢጫውን ትቶ ሰማዩን ጠቆር፣ ሣሩን ደብዘዝ ማድረግ ግን ገና ያልጠራውን የክረምት ደመናና የመጣውን አዲስ ዓመት በአንድ ምስል ውስጥ ያገናኛል። እዚህ ላይ ስሜቱን የሚሸከመው ቢጫው ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው ያለው ጥቁር ደመና የክረምቱን ወራት ይዞ ስለሚቆም ነው ቢጫው ደስታ የሚሆነው።

ስሜቱ ግን ከአገር አገር ይለያያል። አደይ ባለበት አገር ያደገ ሰው ቢጫን ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ጋር ሲያያይዝ፣ በሜክሲኮ የሙታን ቀን ደግሞ ብርቱካናማ ቢጫ አበባ የሙታንን ነፍስ ወደ ቤት የሚመራ ተደርጎ በመንገድና በመቃብር ላይ ይነሰነሳል። በብሪታንያ ቀይ የሜዳ ፖፒ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በጦርነት የሞቱትን ማስታወሻ ስለሆነ፣ በግራጫ ሜዳ ላይ አንድ ቀይ ፖፒ ለእንግሊዛዊ ፍቅርን ሳይሆን የወደቀ ወታደርን ይነግረዋል። ለማን እንደሚታይ ሳያስብ ቀለም የሚመርጥ ፎቶግራፍ አንሺ ያላሰበውን ነገር ሊናገር ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ካሜራውን ከማንሳት በፊት ነው። ምስሉ ሲነሳ በሙሉ ቀለም መነሳት አለበት፤ አንዳንድ ካሜራዎች አንድን ቀለም ብቻ የሚያስቀር ስልት በውስጣቸው ቢኖራቸውም፣ በዚያ የተጣለው ቀለም ከተቀመጠው ምስል ተመልሶ አይገኝም። ደመናማ ቀን ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል። ቀይ አበባ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አጠቃላይ ብርሃኑ ልክ መስሎ ሳለ የቀዩ ክፍል ብቻ ከካሜራው አቅም በላይ ስለሚሞላ፣ የአበባው ቅጠል ደም ሥርና እጥፋት ጠፍቶ ለጥ ያለ የቀለም ጠፍጣፋ ይሆናል። ካሜራው የቀይ ብርሃኑን መጠን የሚያሳይበትን ግራፍ አይቶ ብርሃኑን በትንሹ መቀነስ ይህን ይከላከላል። ጠፍጣፋ ቀይ ደግሞ ዓይን ይስባል እንጂ ስሜት አይነካም።

በማረሚያው ላይ የጥቁርና ነጭ ንብርብር በባለ ቀለሙ ምስል ላይ ይደረባል፤ ከዚያ አበባው ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ማስክ በተባለው መሸፈኛ አማካይነት ንብርብሩ ይከፈታል። በስልክ ለሚሠራ ሰው ስናፕሲድ የተባለው ነፃ መተግበሪያም ይህን በጣት ማድረግ ያስችላል። ዋናው ፈተና ጠርዙ ነው። አበባ ቀለሙን ወደ አካባቢው ያንጸባርቃል፤ ከቀይ ጽጌረዳ ሥር ያለው ቅጠል ላይ ቀላ ያለ ጥላ ይወድቃል፣ አበባውም በበኩሉ ከታች በኩል የቅጠሉን አረንጓዴ ይቀበላል። መሸፈኛው በስለት እንደተቆረጠ ከሆነ አበባው ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የተለጠፈ ይመስላል፤ ጠርዙን አለስልሶ የተንጸባረቀውን ቀለም ትንሽ ሲተዉለት ግን ከሥሩ ጋር ይቆያል። ግራጫውንም ጨርሶ ባዶ ከማድረግ ይልቅ ከቀለሙ ጥቂት፣ እንዳለ የማይታወቅ ያህል፣ ማስቀረት ብዙ ጊዜ ምስሉን ያሞቀዋል።

ይህ ስልት በሠርግ አልበሞች ላይ ከመጠን በላይ ተሠርቶበታል፤ ግራጫ ሙሽራ ቀይ እቅፍ አበባ ይዛ የምትታይበት ምስል ተደጋግሞ ተደጋግሞ ኃይሉ አልቋል። ችግሩ ከስልቱ ሳይሆን ከምርጫው ነው፤ እቅፉ ቀለም የያዘው ደማቅ ስለሆነ ብቻ ነበር። ትንሽ ቦታ ላይ የቀረ ቀለም ከሰፊው ይበረታል። በማሰሮ ውስጥ ያለ የአበባ እቅፍ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ የወደቀች አንዲት የአበባ ቅጠል ብቻ ቀይ ብትሆን፣ ተመልካቹ የሚያየው አበባውን ሳይሆን መርገፉን ነው። ጠውልጎ ጫፉ ብቻ ቀለም የያዘ አበባም እንዲሁ፤ በዚያ ምስል ውስጥ ግራጫው የሕይወትን መሄድ፣ የቀረችው ቀለም ደግሞ ገና ያልሄደውን ታሳያለች።