የልብ ሕመም ያለበት ልጅና የቤተሰብ ኑሮ

ልጃችሁ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኞቻችን ጨው ባለበት ውሃ ተጉመጥመጥ፣ ዝንጅብል አኝክ፣ ማር ላስ እንላለን። ሁለት ሦስት ቀን አልፎ ሲሻለው ነገሩ ይረሳል። ብዙውን ጊዜም በዚያው ያልፋል። አንዳንድ ጊዜ ግን የተረሳው የጉሮሮ ሕመም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። የሚመለሰውም በጉሮሮ ሳይሆን በጉልበትና በቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም በልብ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚሁ በሽታ ነው። ይልቁንም በሽታው ልብ ላይ ከደረሰ በኋላ ልጁን ይዞ ቤትን እንዴት ማስተዳደር እንደሚቻል ነው።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ሳንሱሲ በሚባለው ሠፈር ነው። ሳንሱሲ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ከተማው ሊያልቅ ሲል የሚገኝ ሲሆን፣ ከገጠር መጥቶ አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ብዙ ሰው አለበት። በግቢያችን ከሚኖሩት ቤተሰቦች አንዱ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ናቸው። አባት በግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው። እናት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ትልቋ ልጅ 13 ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው 9፣ ትንሿ 4። ሕመምተኛው መካከለኛው ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ታሪኩን ግን እናቲቱ «ጻፈው ልጄ፣ ሌላው ይማርበት» ብላኛለች።

ልጁ መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ከሦስት ቀን በኋላ ጉልበቱ ተሻለውና ግራ ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። ትኩሳትም ነበረው። ጎረቤት ሁሉ ምክር አላጣም፤ አንዱ ቁርጥማት ነው አለ፣ ሌላው እያደገ ስለሆነ ነው አለ። በቅቤ ታሸ። እብጠቱ ጠፋ፣ ሁላችንም ደስ አለን። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ልጁ ከመንገድ ዳር እስከ ግቢያችን ያለውን ዳገት ሳያርፍ መውጣት አቃተው። ማታ ማታ ተንጋሎ መተኛት አልቻለም፤ ትራስ ተደራርቦለት ቁጭ እንዳለ ያነጋል። ያኔ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላከ፣ ልቡ በመሣሪያ ታየ፣ የልቡ በር ተጎድቷል ተባለ።

የልብ በር ማለት ምን ማለት ነው? ልብ የእያንዳንዱን ሰው ጭብጥ የምታህል ሥጋ ናት። ሥራዋ ደምን ወደ ሰውነት ሁሉ መግፋት ነው። በውስጧ አራት በሮች አሉ። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በቦዩ አፍ ላይ ያለው መዝጊያ ውሃውን ወደ ማሳው ካሳለፈ በኋላ ደህና ካልገጠመ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። መዝጊያው ተጣብቆ በደንብ ካልተከፈተ ደግሞ ውሃው ከበላይ ይጠራቀማል። የልብም በር እንዲሁ ነው። በቀን ውስጥ ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሲበላሽ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

ታዲያ የጉሮሮ ሕመም ከልብ ጋር ምን አገናኘው? ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተባይ አለ። በዓይን አይታይም። ይህ ተባይ ጉሮሮ ሲገባ ሰውነታችን ይዋጋዋል። ነገር ግን በአንዳንድ ልጆች ላይ፣ ቀበሮ ሊያባርር የተነሣ ውሻ በጨለማ የጌታውን በግ እንደሚነክስ ሁሉ፣ ተባዩን ሊያጠፋ የተነሣው የሰውነት ኃይል መገጣጠሚያዎችንና የልብን በሮች ተሳስቶ ይመታል። በሽታው በብዛት የሚነሣው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሆናቸው ልጆች ነው። ተባዩ ጉሮሮ በያዘ ጊዜ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ግን ውሻው አይነሣም። ሰው ተፋፍጎ በሚተኛበት ቤት ተባዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚጋባ በሽታው የድኻ በሽታ ሆኖ ቀርቷል። በበለጸጉት አገሮች የመኖሪያ ቤት ሲሻሻልና ፔኒሲሊን ሲስፋፋ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ከነልብ ሕመሙ ይወለዳል። ሲጠባ የሚደክመውና የሚያልበው፣ ክብደት አልጨምር ያለው፣ ሲያለቅስ ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን ካለ «ቀስ ብሎ ይሻለዋል» አይባልም፤ ሐኪም ይየው። የዚህኛው መነሻ ጉሮሮ አይደለም።

አሁን ወደ ሳንሱሲው ቤት ልመለስ። ለልጁ የታዘዘለት ዋናው ነገር ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ ነው። በየ4 ሳምንቱ ይወጋል። መርፌው የተበላሸውን በር አይጠግንም። የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ተባዩ እንደገና ጉሮሮ ገብቶ በሩን ይብስ እንዳያበላሽ አጥር ይሆናል። ለስንት ጊዜ? የልብ በሩ የተጎዳ ልጅ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ እንደ ጉዳቱም እስከ 40 ዓመት ዕድሜው ድረስ ሊወጋ ይችላል። እናቲቱ ይህን ስትሰማ «እድሜ ልክ ፈረዱበት» ብላ አለቀሰች። መርፌው ግን ጥቅሙ በዓይን የታየ ነው። በኡጋንዳ፣ በሽታው ገና በጅምሩ የተገኘባቸውን 818 ልጆች ለሁለት ከፍለው ለ2 ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። ከሚወጉት ውስጥ የባሰባቸው 3 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተወጉት ግን 33 ነበሩ። ጥናቱ የታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ነው።

ነገር ግን ቀኑን ማን ይቆጥረው? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እናቲቱ ማንበብ አትችልም። የቀጠሮ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። መጀመሪያ የተወጋው በማርያም፣ ማለትም ወር በገባ በ21 ስለነበረ፣ በየወሩ በማርያም ትወስደዋለች። አሳቧ መልካም ነው። ሆኖም 4 ሳምንት 28 ቀን ነው፤ የኛ ወር ግን 30 ቀን አለው። በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ያልፋል። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 21 ሲሆን ደግሞ ጳጉሜን ገብታ 35 ቀን ይሞላል! አንድ ሙሉ ሳምንት አጥሩ ክፍት ሆኖ ከረመ ማለት ነው። በዚያው መስከረም ልጁ ጉሮሮውን ታመመ፣ ጉልበቱም እንደገና አበጠ፣ ሆስፒታል ተኛ። ነርሷ ካርዱን አይታ «እናቴ፣ ሳምንት አሳልፈሽ ነው እኮ የመጣሽው» ስትላት እናቲቱ ክው አለች። በማርያም ቀን እንዴት ይቀጡኛል ብላ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። 4 ሳምንት ምንጊዜም በዚያው የሳምንት ቀን ላይ ይውላል። ማክሰኞ የተወጋ ልጅ ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው የሚወጋው። ሦስት ማክሰኞ ይዘለላል፣ አራተኛው የመርፌ ቀን ነው። እኔም «እትዬ፣ የወሩን ቀን ተዪው፣ ማክሰኞን ቁጠሪ» አልኳት። በበሩ ጀርባ ላይ በየማክሰኞው በከሰል አንድ አንድ መስመር ታሰምራለች። አራተኛው ሲሞላ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ትጠርገዋለች። እናንተ በገጠር ያላችሁ ደግሞ የገበያ ቀን አላችሁ። ገበያው ቅዳሜ ከሆነ አራተኛው ቅዳሜ ብላችሁ ያዙ። ጤና ጣቢያው በዚያ ቀን የሚወጋ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በዚህ አቆጣጠር በዓመት 13 መርፌ ይሆናል እንጂ 12 አይደለም።

መርፌውን ለመወጋት ትልቅ ሆስፒታል ድረስ መመላለስ አያስፈልግም፤ በሐኪሙ ወረቀት በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ይሰጣል። ልጁ ባዶ ሆዱን አይሂድ። ቁርሱን ይብላ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ሲወጋም ጋደም ይበል። መርፌው ያማል፣ አያምም ብላችሁ አትዋሹት። አንዴ ከተዋሸ በሚቀጥለው ጊዜ ተሸክማችሁ ነው የምትወስዱት።

ከመርፌው ይልቅ ቤቱን ያናጋው ሌላ ነገር ነበር። እናት ልጁን ይዛ ስትሄድ እንጀራው ማን ይጋግረው፣ ትንሿንስ ማን ይያዛት? ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። መጀመሪያ በቀጠሮ ቀን ብቻ፣ ኋላ ወንድሟ በደከመው ቀን ሁሉ። አንድ ሴሚስተር ሳያልቅ ደብተሯ አቧራ ጠጣ። ማንም «ትምህርትሽን ተዪ» አላላትም፣ ማንም ሂጂ ያላትም አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ ከልብ በሽታው ቀጥሎ በዚያ ቤት የደረሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። እሷም ልጅ ናት እኮ!

ነገሩ የተስተካከለው አባትየው የገባበት ጊዜ ነው። ቀድሞ «እኔ ከቀረሁ የቀን ገንዘቤ ይቀራል» ይል ነበር፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን 13ቱን ቀን ለሦስት ሲካፈሉት ለእሱ የደረሰው በዓመት 4 ወይም 5 ቀን ብቻ ሆነ። የቀረውን እናትና አክስት ያዙት። እናት ሊጡን ዓርብ ታቦካለች፣ ሰኞ ትጋግራለች፤ ማክሰኞ እጇ ነፃ ነው። ደንበኞቿም በአራተኛው ማክሰኞ እንጀራ እንደሌለ አውቀውታል። ትንሿን አንዲት ጎረቤት ትይዛለች፤ በምላሹ እናቲቱ የጎረቤቷን ልጆች በሌላ ቀን ትይዛለች። ደቦ ማለት ይኸው አይደለምን? ትልቋ ልጅ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ስለ ምግብም አንድ ነገር ልጨምር። ልቡ የደከመ ልጅ ጨው ይቀንስ ይባላል፤ ጨው ውሃ ይይዛልና። ቤተሰቡ በመጀመሪያ ለልጁ ለብቻው ያበስሉለት ነበር። ልጁ ከመሶቡ ተለይቶ መብላቱ አስከፋው፣ ምግብ እምቢ አለ። ኋላ ወጡን ለሁሉም በትንሽ ጨው ሠሩት፤ ጨው የሚፈልግ ትልቅ ሰው በሣህኑ ዳር ይጨምራል። በርበሬና ሽሮም ሲዘጋጅ ጨው እንደሚገባበት አትርሱ።

ልጁ ሽንት የሚያሸና ኪኒን ይወስዳል። ይህ በደረቱና በእግሩ የተጠራቀመውን ውሃ ያወጣለታል። አንድ ጊዜ ልጁ እንደገና አበጠ። ለካስ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ ልውጣ ሲል መምህሩ ስለከለከለው፣ ኪኒኑን በድብቅ እየጣለ ኖሯል። እናትየው የሐኪም ወረቀቱን ይዛ ሄዳ ካነጋገረች በኋላ ልጁ ከበሩ አጠገብ እንዲቀመጥ ተደረገ። ስለዚህ ለመምህሩ ቀድማችሁ ንገሩ። ምን ያህል መሮጥ እንደሚችልም ሐኪሙን ጠይቁ፤ ከጨዋታ ጨርሶ አታርቁት። የኛው ልጅ ኳስ ሲጫወቱ ዳኛ ነው። ፊሽካው ከአፉ አይወርድም፣ አንዳንዴም ያዳላል።

ጉሮሮውን የታመመ ልጅ እንጥሉን ማስቆረጥ፣ የሕፃን ድድ ፍቆ ግግ ማውጣት በየሠፈሩ ዛሬም አለ። ይህ ለማንም ልጅ ጎጂ ነው፤ ልቡ ለታመመ ልጅ ግን የባሰ ነው። በቆሸሸ ምላጭ የገባ ተባይ በደም ሄዶ በተጎዳው የልብ በር ላይ ይሰፍራል። ጥርሱን ዘወትር ይፋቅ፤ ጥርስ ሊያስነቅል ሲሄድም ልብ እንዳለበት ይነገር። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ መርፌውና ኪኒኑ ግን አይቋረጥ። ሌሎቹ ልጆች ጉሯቸውን ሲያማቸውም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። በአንድ ክፍል ቤት አንድ ጉሮሮ የሁሉም ጉሮሮ ነው።

በሩ በጣም የተበላሸ ልጅ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ቀድሞ ይህ የሚገኘው ወደ ውጭ አገር በመሄድ ነበር። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት አቋቋሙ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች ይሠሩበት ነበር፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ነገር ግን ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ተራው እስኪደርስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ልጁን የሚያቆየው ቤቱ ነው። ልጃችሁ ተራ ከያዘ ስልክ ቁጥራችሁ ሲቀየር ለማዕከሉ አሳውቁ። ተጠርቶ ያልተገኘ ልጅ ተራው ያልፈዋል። የሪፈር ወረቀቱን፣ የጤና መድን ካርዱንና የቀጠሮውን ካርድ በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ ሁሉም የቤት ሰው በሚያውቀው ቦታ አስቀምጡ፤ ሌሊት ሲብስበት ፍለጋ እንዳይሆን።

የሳንሱሲው ልጅ ቀዶ ሕክምናውን ገና እየጠበቀ ነው። ማታ በአንድ ትራስ ይተኛል። እናቱ ከትልቋ ልጇ ጋር እየተቀመጠች ቁጥር ማንበብ ጀምራለች፤ የካርዱን ቀን ከከሰሉ ጋር ታስተያያለች። ይህን ስጽፍ በበሩ ጀርባ ሁለት መስመር አለ። የፊታችን ተራ የአባትየው ነው።